ክሬን የተሸከመ የትምህርት ቤት አውቶቡስ፤ ጉልበቱ ከየት ይምጣ?

ይህችን ጽሑፍ የምጫጭራት ልጆቼ ከተኙ በኋላ ነውና እዚህም እዚያም ድካም ቢታይባት ይቅርታችሁ አይለየኝ። ርዕሱን አይቶ «ይኼ ደግሞ ምን የሚሉት ነው?» የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። እኔም መጀመሪያ ስሰማ ያልኩት ይህንኑ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ አሜሪካ ረጅም ዓመት የጭነት መኪና ሲነዳ የኖረ አንድ ወዳጄ፣ ወገቡ እምቢ ሲለው መንገዱን ትቶ ወደ ጥገናው ገባ። ደንበኞቹ አብዛኞቹ የኛው ሰዎች ናቸው፤ መኪናቸው በየአውራ ጎዳናው ዳር፣ በየማደያው ግቢ የቆመባቸው ሾፌሮች። ጋራዥ መከራየት አቅም ስለሚጠይቅ ጋራዡን ራሱን በጎማ ላይ ለማድረግ አሰበና በ2023 እ.ኤ.አ. ጡረታ የወጣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ከጨረታ ገዛ። ወንበሮቹን አወጣ፤ የፊተኛውን ክፍል መኝታና የዕቃ መደርደሪያ አደረገው፤ የኋለኛውን ሲሶ ጣራውን ቆርጦ ክፍት አደረገና ከአንድ አሮጌ የጥገና መኪና ላይ የተነሳ ባለ 12 ቮልት ክሬን ተከለበት። ያጠራቀማት ገንዘብ በሙሉ እዚያ ውስጥ ገባች። ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው ማታ ደውሎ «ኢንጂነር፣ ክሬኑ አላነሳ አለኝ» ያለኝ።

እንዲህ ያለ ሥራ ለመሥራት የሚያስቡ ሌሎችም እንዳሉ ስለማውቅ ለክሬኑ ጉልበት የሚገኝባቸውን መንገዶች ልዘርዝር። በመሐሉ እኔ ራሴ የሠራሁትን ስህተት አልደብቅም፤ ሰው ሊጎዳ የነበረው በዚያ ምክንያት ነውና።

አስቀድመን ሁለት ነገር እንለይ። አንደኛው ሥራው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚፈጀው ጠቅላላ ጉልበት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ክሬኑ በእያንዳንዱ ሰከንድ የሚጠይቀው። ትልቅ ሮቶ ሙሉ ውኃ ቢኖራችሁና ቧንቧው ቀጭን ቢሆን እሳት አታጠፉበትም፤ ውኃው ሞልቷል፣ የሚወጣው ግን ጠብታ ነው። ብዙ ሰው ስለ ሮቶው ይጨነቃል። ለክሬን ግን ጉዳዩ ቧንቧው ነው።

ቁጥሩን እንየው። 600 ኪሎ የሚመዝን የናፍጣ ሞተር 2 ሜትር ከፍ ለማድረግ የሚያስፈልገው ጠቅላላ ጉልበት 11,800 ጁል ገደማ ነው፤ በዋት ሰዓት ሲቆጠር 3.3 ብቻ። የኤሌክትሪክ ሞተሩና ጥርሶቹ ከሚቀበሉት ውስጥ 40 በመቶውን ብቻ ወደ ሥራ ይቀይራሉ ብንል እንኳ ከባትሪው የሚወጣው 8 ዋት ሰዓት ነው። አንድ ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል። ስለዚህ አንዱ ማንሳት ከባትሪው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይወስድም! ወዳጄ ይህን ስነግረው አላመነኝም። «ታዲያ ለምን አያነሳም?» አለ። ጥያቄው ትክክል ነበር።

ያ ሞተር በደቂቃ 4 ሜትር ፍጥነት ሲነሳ ክሬኑ ወደ 1,000 ዋት ይጠይቃል፤ በ12 ቮልት 85 አምፒር ማለት ነው። ይህ ግን መንቀሳቀስ ከጀመረ በኋላ ነው። የቀጥታ ከረንት ሞተር ከቆመበት ሲነሳ፣ በተለይ ጭነት ላዩ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ለቅጽበት የዚያን ሦስትና አራት እጥፍ ይስባል። መኪና ስታስነሱ ሞተሪኖው የዳሽቦርዱን መብራት ለአፍታ እንደሚያደበዝዘው ያለ ነው።

የትምህርት ቤት አውቶቡስ ደግሞ ረጅም ነው። ባትሪው ፊት፣ ክሬኑ ኋላ። ወዳጄ ከፊተኛው ባትሪ እስከ ክሬኑ 25 ስኩዌር ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ኬብል ዘርግቶ ነበር፤ ደርሶ መልሱ 22 ሜትር። የመዳብን ተቃውሞ በርዝመቱ አባዝታችሁ ለውፍረቱ ስታካፍሉ 0.015 ኦም ታገኛላችሁ። ኢምንት ትመስላለች። በ85 አምፒር ግን 1.3 ቮልት፣ ክሬኑ ሲነሳ በሚስበው 250 አምፒር ደግሞ 3.8 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ባትሪው ራሱም በዚያ ከረንት ስለሚወርድ ክሬኑ ጋ የሚደርሰው 8 ቮልት ቢሆን ነው። ዋናውን ከረንት የሚያገናኘው ማግኔታዊ ማብሪያ በዚህ ቮልቴጅ ይለቃል፤ ሲለቅ ቮልቴጁ ይመለሳል፤ ሲመለስ እንደገና ይይዛል። ወዳጄ በስልክ ያሰማኝ ተከ-ተከ-ተከ የሚል ድምፅ ይኸው ነበር። ክሬኑ አልተበላሸም፤ ባትሪውም አልደከመም። ሽቦው ነው የበላው።

እንግዲህ ስህተቴ እዚህ ላይ ነው። አውቶቡሱ መሐል ላይ ለመኝታው መብራትና ለማቀዝቀዣው ያስገባው 100 አምፒር ሰዓት ሊቲየም ባትሪ ነበር። «እሱን ተጠቀም፤ ለክሬኑ ቅርብ ነው፤ 100 አምፒር ይሰጣል፣ አንተ የምትፈልገው 85 ነው» አልኩት። ስሌቱን በወረቀት ሠርቼ በፎቶ ሁሉ ልኬለታለሁ። የሊቲየም ባትሪ በውስጡ ጠባቂ ኤሌክትሮኒክስ እንዳለውና ከተወሰነለት በላይ ከረንት ከተሳበ ራሱን በቅጽበት እንደሚቆርጥ አውቃለሁ። ሞተር ሲነሳ ብዙ እንደሚስብም አውቃለሁ። ሁለቱን ግን አንድ ላይ አላሰብኳቸውም።

ለጥቂት ቀን ሠራ። አንድ ቅዳሜ ግን የደንበኛ ሞተር ከመኪናው ነቅሎ አንስቶ፣ ሻንሲው ላይ አንድ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ አቆመው። የእህቱ ልጅ የቀረች አንዲት ቡሎን ለመፍታት እጁን ከሥር አስገብቷል። «ትንሽ ከፍ በልልኝ» አለ። ወዳጄ ቁልፉን ተጫነ፤ ባትሪው ራሱን ቆረጠ። ጸጥ። ማንሳትም ማውረድም የለም። ጭነቱ ያልወረደው ክሬኑ ላይ ባለው ጠመዝማዛ ጥርስ ምክንያት ነው፤ ይህ ዓይነቱ ጥርስ ሞተሩ ሲያዞረው ይዞራል፣ ጭነቱ ወደ ኋላ ሊያዞረው ቢሞክር ግን አብዛኛውን ጊዜ ተቆልፎ ይቀራል። ሞተሩ ለ40 ደቂቃ ያህል እንደተሰቀለ ቆየ። ባትሪውን በቀሰቀሱት ቁጥር መልሶ ይቆርጣል። በመጨረሻ ከደንበኛው መኪና ባትሪ በወፍራም ገመድ ስበው አወረዱት። ልጁ አንዳች አልሆነም። ወዳጄ ማታ ሲደውልልኝ አልተቆጣም፤ የነገረኝ በቀስታ ነው፤ እሱ ደግሞ ከቁጣው የባሰ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቁጭ ብለን ሁሉንም መንገድ ከሥሩ አየን።

የመጀመሪያው የአውቶቡሱ የራሱ ሞተር ነው። አገር ቤት ገልባጭ መኪና አሸዋ ሲደፋ ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ከካምቢዮው ጎን በምትገኝ መስኮት በኩል ጥርስ ገብቶ የሃይድሮሊክ ፓምፕ ያዞራል፤ ፓምፑ ዘይት ይገፋል፤ ዘይቱ ሲሊንደር ይዘረጋል። ለጭነት መኪና ክሬኖች ይህን መንገድ ካስለመዱት አንዱ ስዊድናዊው ኤሪክ ሱንዲን ናቸው፤ የበረዶ ሸርተቴ አምራች ነበሩ፤ በ1944 በሁዲክስቫል ከተማ የመሠረቱት ኩባንያ እስከዛሬ ሂያብ በሚል ስም ይታወቃል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ግፊቱን በባር፣ ፍሰቱን በሊትር በደቂቃ አባዝታችሁ ለ600 ስታካፍሉ ኪሎዋት ታገኛላችሁ። 170 ባርና 40 ሊትር 11.3 ኪሎዋት ይሆናል። ለአውቶቡስ ሞተር ይህ ቁርስ ነው። በ12 ቮልት ባትሪ ልስጥ ብትሉ ግን፣ ብክነቱን ሳንቆጥር፣ ከ940 አምፒር በላይ ያስፈልጋችኋል። ቀኑን ሙሉ የሚያነሳ፣ ወይም ተጣጣፊ ክንድ ያለው ከባድ ክሬን የሚተክል ሰው ሌላ ነገር ባያስብ ይሻለዋል። ዳሩ ግን ሁሉም የትምህርት ቤት አውቶቡስ ካምቢዮ ያቺን መስኮት የለውም፤ ልጆች ለማመላለስ የተሠራ ስለሆነ አስፈላጊ አልነበረችም። የወዳጄም የለውም። እንዲህ ያለ ሐሳብ ያለው ሰው ጨረታው ላይ ከመጫረቱ በፊት ከሥር ተኝቶ ይመልከት።

ሁለተኛው ለብቻው የቆመ ትንሽ የቤንዚን ሞተር ከፓምፕ ጋር ነው፤ 13 የፈረስ ጉልበት ያለው ወደ 9.7 ኪሎዋት ይሰጣል። ርካሽና ጠንካራ ነው። ሰው በሚተኛበት አውቶቡስ ውስጥ ግን ጭሱን ፈራሁት፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ አያስጠነቅቅም። ጫጫታውም በማደያ ግቢ ሌሊት ለሚሠራ ሰው ጠብ ያመጣል።

ሦስተኛው በባትሪ የሚዞር የሃይድሮሊክ ፓምፕ ነው። በ170 ባር 4 ሊትር በደቂቃ ለመግፋት ብክነቱን ጨምሮ 1.9 ኪሎዋት፣ ወደ 160 አምፒር ይፈልጋል። ሞተሩ ቶሎ ስለሚግል ጥቂት ደቂቃ ሠርቶ ማረፍ አለበት። ይህን የሚመርጥ ሰው አንድ ነገር አይርሳ፦ ጭነት የሚይዘው ቫልቭ ሲሊንደሩ ላይ ራሱ መታሰር አለበት። ቫልቩ ከጎማ ቱቦው ወዲያ ማዶ ከሆነ ቱቦው ሲፈነዳ ጭነቱ ከዘይቱ ጋር ይወርዳል።

ቤቱን በ48 ቮልት የሠራ ሰው ደግሞ ዕድለኛ ነው። ቮልቴጁ አራት እጥፍ ሲሆን ከረንቱ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ በዚያው ሽቦ የሚባክነው ደግሞ ወደ አሥራ ስድስተኛ። ታዲያ የክሬኑ ሞተር ራሱ የ48 ቮልት መሆን አለበት፤ አሮጌ ክሬን የገዛ ሰው ይህ ምርጫ የለውም።

ወዳጄ በቀን ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ጊዜ ነው የሚያነሳው። ስለዚህ የመረጥነው ከሁሉም ተራ የሆነውን ነው፤ ሞተር ለማስነሳት የሚያገለግሉ ሁለት የእርሳስ ባትሪዎች ጎን ለጎን አገናኝተን ክሬኑ እግር ሥር አስቀመጥን። ከነሱ እስከ ክሬኑ 70 ስኩዌር ሚሊሜትር ኬብል፣ ደርሶ መልስ 3 ሜትር፤ በ250 አምፒር የሚጠፋው 0.2 ቮልት እንኳ አይሞላም። ያ አሮጌ ባለ 25 ኬብል አልተጣለም፤ አሁን ከፊት ወደ ኋላ በ40 አምፒር ቀስ ብሎ ይሞላቸዋል። በመሐል ቮልቴጅ የሚያስተካክል ቻርጀር ስላለ ርዝመቱ አይጎዳውም። ሮቶው ኋላ፣ ወፍራሙ ቧንቧ አጭር፣ ቀጭኑ ረጅም። ሊቲየሙም ወደ ማቀዝቀዣው ተመለሰ። እርሳስ ባትሪ ዘመናዊ አይደለም ብሎ የሚስቅብን ካለ ይሳቅ፤ 250 አምፒር ሲጠየቅ ሳይከራከር ይሰጣል።

ከጉልበቱ ውጭ ያለውን ባጭሩ ልለፈው። ክሬኑ የሚታሰረው በሻንሲው ብረት ላይ ነው እንጂ በወለሉ ላሜራ ላይ አይደለም። ከ1977 ወዲህ የተሠራ የአሜሪካ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ጣራው የባዶውን መኪና ክብደት 1.5 እጥፍ እንዲችል በሕግ ተደንግጓል፤ ጣራውን ስትቆርጡ ያንን ብርታት ነው የምትቆርጡት፤ ስለዚህ በተቆረጠው ጠርዝ ላይ ሙሉ የብረት ቀለበት ይበየድ። ከኋለኛው ጎማ 5 ሜትር ርቆ የተሰቀለ 600 ኪሎ፣ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል 6.5 ሜትር ባለው አውቶቡስ ላይ፣ ከፊተኛው ጎማ 460 ኪሎ ያቃልላል፤ ድጋፍ እግር ሳይዘረጋ አይሞከር። ከኤሌክትሪክ መስመርም እስከ 50,000 ቮልት ድረስ ቢያንስ 3 ሜትር መራቅ ግዴታ ነው። ቢጫው ቀለምም በብዙ ስቴቶች መቀየር አለበት፤ በ1939 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ኮሌጅ በፍራንክ ሲር ሰብሳቢነት የተመረጠው ልጆችን እንዲያስታውቅ ነውና። ወዳጄ ነጭ ቀባው።

ሁለት ነገር ግን እኔ ነኝ ግድ ያልኩት። ከባትሪው አንድ ስንዝር ሳይርቅ 300 አምፒር ፊውዝ ገባ፤ ያ ውፍረት ያለው ኬብል ከላሜራ ጋር ተፋግቶ ቢነካካ ፊውዝ ከሌለ አውቶቡሱ ይነዳል። ሌላው የእጅ ማንሻው ነው። ክሬኑ ሲሠራ ጀምሮ ሞተሩ ላይ ካሉት ቡሎኖች በአንዱ ጫፍ በእጅ ተዙሮ ጭነት እንዲወርድ የሚያደርግ ቦታ ነበረው፤ አሮጌ ዕቃ ስለሆነ ማዞሪያው ጠፍቶ ማንም ልብ አላለውም። ከብረት ቆርጠን ሠራን። አሁን በኋለኛው በር ውስጥ በቀይ ገመድ ተሰቅሏል፤ የእህቱ ልጅ እጁን ከጭነት ሥር ከማስገባቱ በፊት ከጭነቱ ሥር የብረት መቆሚያ ያቆማል፤ ከዚያ ማዞሪያው በቦታው መኖሩን በዓይኑ ያያል።