ሊቁ ኳርተርባክና የሃያ ስድስቱ ሴኮንድ ክርክር

በሰሜን አሜሪካ፣ በኢሪ ሐይቅ ዳር በምትገኘው በክሊቭላንድ ከተማ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር እሑድ ዲሴምበር 27 ቀን 1964፣ በእኛ አቆጣጠር የታኅሣሥ ገብርኤል ዋዜማ በሆነው በታኅሣሥ 18 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ 79,544 ሕዝብ ከሐይቁ የሚነፍሰውን ብርቱ ነፋስ ታግሦ በስታዲየም ተሰብስቦ ሳለ፣ የከተማይቱ ቡድን ብራውንስ የባልቲሞርን ኮልትስ 27 ለ0 ድል ነሥቶ የሻምፒዮናነትን አክሊል ሲቀዳጅ፣ ጭፍራውን የመራው ሰው ጨዋታ በማይኖርበት ወራት የሒሳብ ዶክትሬት ሐተታውን የሚያዘጋጅ፣ ፍራንክ ራያን የተባለ የ28 ዓመት የቴክሳስ ተወላጅ ነበር። ድሉ ስድሳ ዓመት ያለፈው ነው። ነገር ግን ጨዋታው ሊያበቃ 26 ሴኮንድ ሲቀር የሆነው ነገርና ከሁለት ሳምንት በኋላ በሎስ አንጀለስ የደረሰው ጉዳት፣ በእርግጥ ምክንያትና ውጤት ነበሩን የሚለው ክርክር ገና አልተዘጋም።

የአሜሪካ ፉትቦል የሚባለውን ይህን ጨዋታ ለማያውቅ አንባቢ ያህል፣ ኳርተርባክ የሚባለው ተጫዋች ሞላላይቱን ኳስ ከባልንጀራው ተቀብሎ፣ ግዙፋን ተከላካዮች መሬት ላይ ሊጥሉት ሲጣደፉበት፣ በሁለት በሦስት ሴኮንድ ውስጥ ለማን እንደሚወረውር ወይም ለማን እንደሚያቀብል የሚቆርጥ ሰው ነው፤ በዚያ ዘመን ደግሞ የሚቀጥለውን ስልት ከሜዳው ላይ ሆኖ የሚመርጠው ብዙውን ጊዜ እርሱ ራሱ ስለ ነበረ፣ ቦታው ከክንድ ይልቅ አእምሮ የሚፈተንበት መንበር ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ከስመ ጥር ዩኒቨርሲቲዎች ወጥተው በዚህ መንበር የተቀመጡ አልታጡም፤ የኮሎምቢያው ሲድ ላክማን ቺካጎ ቤርስን ለአራት ሻምፒዮናነት አብቅቷል፤ የሃርቫርዱ ራያን ፊትዝፓትሪክም በቅርቡ ዘመን ለዘጠኝ ክለቦች ተሰልፏል። እነዚህ ግን የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ይዘው ከመጽሐፉ ወደ ሜዳው የተሻገሩ ናቸው፤ መጽሐፉንም ሜዳውንም በአንድ ዘመን ይዞ የዘለቀ ኳርተርባክ ግን እንደ ፍራንክ ራያን ያለ ጥቂት ነው።

ራያን በሂዩስተን ከሚገኘው ከራይስ ዩኒቨርሲቲ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1958 በፊዚክስ ሲመረቅ፣ በዚያው የዩኒቨርሲቲ ቡድን ቦታውን ይካፈለው የነበረው ኪንግ ሂል በዓመቱ የተጫዋቾች ምርጫ ከሁሉ ቀድሞ የመጀመሪያ ሆኖ ተመረጠ፤ እርሱን ግን ሎስ አንጀለስ ራምስ በአምስተኛው ዙር ወስዶ አራት ዓመት ያህል በአብዛኛው ተጠባባቂ አድርጎ አስቀመጠው። በ1962 ወደ ክሊቭላንድ ተሻገረ፤ የፊተኛው ኳርተርባክ ጂም ኒኖውስኪ በተጎዳ ጊዜም ቦታውን ተረክቦ አልለቀቀም። በዚህ ሁሉ መካከል ወደ ራይስ እየተመለሰ በመምህሩ በጄራልድ ማክሌን ሥር ትምህርቱን ይቀጥል ነበር፤ በ1965 ዶክትሬቱን ያገኘበትም ሐተታ፣ በአንድ ክብ ውስጥ የተወሰኑ የውስብስብ ቁጥሮች ፈንክሽኖች ወደ ክቡ ጠርዝ በተቃረቡ ጊዜ ወደየትኞቹ ዋጋዎች እንደሚያዘነብሉ የሚመረምር ነው። ይህን ነገር ከሒሳብ ሊቃውንት በቀር የሚረዳው ጥቂት ነውና፣ የስፖርት ጸሐፍት ሰውየውን እንደ ተአምር አድርገው ማውራት ያዙ፤ እንዲህ ያለ ዝና ደግሞ፣ ወደ ፊት እንደምናየው፣ ለባለቤቱ ዘወትር በጎ አይሆንም።

ወደዚያች እሑድ እንመለስ። በዶን ሹላ የሚሠለጥነውና ጆኒ ዩናይተስን የያዘው ኮልትስ ሊያሸንፍ ታስቦ ሳለ፣ ግማሹ ጨዋታ 0 ለ0 ተፈጸመ። ከእረፍት በኋላ ብራውንስ ነፋሱን ከጀርባው አድርጎ ሉ ግሮዛ ከ43 ያርድ በእግሩ ሦስት ነጥብ አስገኘ፤ ቀጥሎም በጂም ብራውን ረጅም ሩጫ ላይ ተመርኩዞ ራያን ለጋሪ ኮሊንስ የ18 ያርድ፣ ከዚያ የ42፣ በመጨረሻም የ51 ያርድ ኳስ እየወረወረ ሦስት ተችዳውን፣ ማለትም ኳሱን እስከ ተጋጣሚው የመጨረሻ ክልል በማድረስ የሚገኝ ነጥብ፣ አስቆጠረ። ብራውንስ ከዚያ ወዲህ ሻምፒዮን ሆኖ አያውቅም።

እነሆ የክርክሩ ሥር። ጨዋታው ሊያልቅ 26 ሴኮንድ ሲቀር ሕዝቡ ደስታውን መቆጣጠር ተስኖት ሜዳውን አጥለቀለቀው፤ ዳኞቹም ይብቃ ለማለት ባሰቡ ጊዜ፣ ራያን ግን ቀኑን ሙሉ በማገድ ሲደክም ለዋለው ለጆኒ ብሩወር አንዲት የተችዳውን ኳስ ለመወርወር ፈልጎ ጨዋታው እንዲቀጥል መጠየቁ ይነገራል። ይህም ለተሸነፉት በወደቀ ሰው ላይ እንደ መራመድ ሆኖ ታያቸው። ከእነርሱ መካከል የነበረው ጂኖ ማርኬቲ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአውሮጳ ግንባር መትረየስ ተኳሽ ሆኖ የተዋጋ፣ በተከላካይነቱ በዘመኑ ተወዳዳሪ ያልነበረው የኢጣልያ ስደተኞች ልጅ፣ ያን ሰው አንድ ጊዜ ባገኘሁት ብሎ ተመኘ ተብሎ ተወራ።

አገኘውም። በጃንዋሪ 1965 የሊጉ ምርጦች በሎስ አንጀለስ በተጋጠሙበት በፕሮ ቦውል ጨዋታ፣ ማርኬቲ፣ ሜርሊን ኦልሰንና ዊሊ ዴቪስ ሦስቱም በአንድነት ራያንን ከመሬት ጣሉት፤ ትከሻውም ወለቀ። በማግሥቱ ነገሩ የበቀል ታሪክ ሆነ፦ ትምክህተኛው ምሁር ኮልትስን አዋረደ፣ የጦር ሜዳው ጀግና ደግሞ ቅጣቱን ከፈለው። ማርኬቲ ይህን ክዷል፤ ተከላካይ የሚታዘዘውን ሥራ ከመሥራት በቀር ሌላ ነገር አላሰብኩም ብሏል።

ይህን ክህደቱን ለማመን ምክንያት አለ። ኦልሰን የሎስ አንጀለስ፣ ዴቪስ የግሪን ቤይ ተጫዋቾች ነበሩና በክሊቭላንድ ስለ ተፈጸመው ነገር የሚመልሱት ብድር አልነበራቸውም፤ ሦስት ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝኑ ሰዎች በአንድ ሰው ላይ ሲወድቁ፣ ትከሻውን ያወለቀው የማንኛው ክብደት እንደ ሆነ ለይቶ መናገር ለዓይን ምስክርም ቢሆን የሚቻል አይመስልም። ደግሞም ማርኬቲ ከዚያ በኋላ ጨዋታ ለመተው የወሰነ ሰው ነበር፤ የመጨረሻዬ ነው ብሎ ያሰበውን ቀን በሙሉ ጉልበቱ መፋለሙ ከቂም ይልቅ ከጠባዩ የሚመነጭ ነው። የበቀሉ ወሬ የተወደደው፣ ይመስለኛል፣ ብዙ አንባቢ የተማረ ሰው አንድ ቀን በጉልበተኛ እጅ ሲወድቅ ማየት ስለሚያስደስተው ነው። በራያንም በኩል ለባልንጀራው ኳስ መመኘቱን ትዕቢት ብሎ መፍረድ ይከብዳል፤ ጊዜውን ግን አልመረጠም።

ትከሻው ድኖ በ1966 ራያን 29 የተችዳውን ኳሶች በመወርወር የሊጉ ቀዳሚ ሆነ፤ በዚያው ዘመን በክሊቭላንድ በሚገኘው በኬዝ ኢንስቲትዩት ሒሳብ ያስተምር ነበር። በ1969 በታዋቂው አሠልጣኝ በቪንስ ሎምባርዲ ሥር ለዋሽንግተን ተጠባባቂ ሆኖ ቆየ፤ እስከ 1970ም ተጫወተ። በ1971 በአሜሪካ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት የመረጃ ሥርዓት ኃላፊ ሆነ፤ እንደራሴዎቹ ስማቸው እየተጠራ 45 ደቂቃ ያህል ይወስድ የነበረው ድምፅ አሰጣጥ በ15 ደቂቃ የሚፈጸምበት የኤሌክትሮኒክ ዘዴ በ1973 ሥራ የጀመረው በእርሱ ጊዜ ነው። ከዚያም በዬል የስፖርት ክፍል ዳይሬክተርና የሒሳብ መምህር፣ ቀጥሎም በራይስ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኗል።

ራያን በአዲሱ ዓመት 2024 መጀመሪያ ቀን በ87 ዓመቱ ሲያርፍ የአእምሮ መዳከም ሕመም ይዞት ነበር። ጥያቄው ዛሬ ትከሻ አይደለም፤ ጭንቅላት ነው። በጁላይ 2017 ሐኪሞች የ111 የሊጉን ሟች ተጫዋቾች አንጎል መርምረው በ110ሩ ላይ ከተደጋጋሚ ምት የሚመጣውን በሽታ ማግኘታቸውን ባሳወቁ በሁለተኛው ቀን፣ የሬቨንስ የማጥቃት መስመር ተጫዋች ጆን አርሸል በ26 ዓመቱ ኳስ መተዉን አስታወቀ፤ ሬቨንስም የክሊቭላንዱ ክለብ ባለቤት ተጫዋቾቹን ይዞ በ1996 ወደ ባልቲሞር በተሰደደ ጊዜ የተመሠረተ ነው። አርሸልም እንደ ራያን ሒሳብን ከኳስ ጋር ያጠና ነበር፤ በ2021 በኤም አይ ቲ ዶክትሬቱን ፈጽሞ እዚያው መምህር ሆኗል። ከሁለቱ ሊቃውንት የተሻለውን ዋጋ ያገኘ እርሱ ነው።