ስለ ጦርና ስለ ጦር ሠሪው

ወጣቶች ሆይ፥ በሩቅ ምሥራቅ በጃፓን አገር ናጊናታ የሚባል የጦር መሣሪያ አለ። ይኸውም ጎበጥ ያለ ስለት በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ የተተከለበት ነው። ቀድሞ ወታደሮችና ተዋጊ መነኮሳት ይዘውት ይዘምቱ ነበር፤ በኋላም የመኳንንቱ ሚስቶችና ሴቶች ልጆች ቤታቸውን እንዲጠብቁበት ተማሩት፤ ዛሬ ስለቱ በቀርቀሃ ተተክቶ የስፖርት መጫወቻ ሆኗል። እኔን ግን ከመሣሪያው ይልቅ የሚያስደንቀኝ በዚያ አገር ለብረት ሠሪው የተሰጠው ክብር ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1183 እስከ 1198 የነገሡት ንጉሠ ነገሥት ጎ-ቶባ ዙፋናቸውን ከለቀቁ በኋላ የታወቁትን ብረት ሠሪዎች ወደ ግቢያቸው እያስጠሩ ራሳቸውም ከእነርሱ ጋራ ስለት ይሠሩ እንደ ነበር ይነገርላቸዋል። ጥሩ ሠሪ ስሙን በብረቱ ላይ ይቀርጻል፤ ስሙም ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ ይነበባል። እኚህ ስማቸው ከከተማችን ስም ጋራ የሚመሳሰል ንጉሥ ወደ ጎባ መጥተው መዶሻ ቢያነሡ ኖሮ ምን ብለን እንጠራቸው ነበር?

ጦር በእኛ አገር የትናንት ነገር አይደለም። በዝዋይ ሐይቅ አጠገብ ገደሞታ በሚባለው ስፍራ የተገኙት የባልጩት ስለቶች በእንጨት ጫፍ ታስረው የተወረወሩ መሆናቸውን ሊቃውንት መርምረው በ2013 እ.ኤ.አ. አስታውቀዋል፤ ዕድሜያቸውም 279,000 ዓመት ያህል ነው። በራሳችን በባሌ ተራራ ላይም በ3,469 ሜትር ከፍታ ላይ ፊንጫ ሀበራ የሚባል ዋሻ አለ። ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች እየመጡ ይሰፍሩበት ነበር። ባልጩቱን ከዚያም ከፍ ካለው ብርዳም ስፍራ ያመጡ ነበር፤ ምግባቸውም በአብዛኛው ትልቁ ፍልፈል ነበር። እንግዲህ በባሌ ደጋ ስለት መሥራት ከእርሻም ከከብት ርቢም የቀደመ ሙያ ነው ማለት ነው።

የብረቱን ጦር አሠራር ያየሁት በ1970ዎቹ ዓመታት በሮቤ አቅራቢያ ነው። ወደዚያ የሄድሁት ጦር ለማየት አልነበረም። ከተማሪዎቼ አንዱ የጠይብ ልጅ ነበረና በአግዳሚው ላይ አብሮት የሚቀመጥ ጠፋ፤ «ዓይኑ ይበላናል» ይሉ ነበር። አንድ የሥራ ባልደረባዬም «የአገሩ ልማድ ነው፥ ተወው» አለኝ። ልጁ ሳምንት ሙሉ ሲቀር አባቱን ልጠይቅ ሄድሁ። ልጁ ወናፉን ይነፋል፤ አባቱ ብረቱን በጉጠት ይዞ «ብረቱ ሳይበርድ ልጨርስ፥ መምህር፤ ይቀመጡ» አለኝ።

ብረቱ ከአሮጌ መኪና የወጣ ባሌስትራ ነበር። አስቀድሞ አንዱን ጫፍ እየቀጠቀጠ አሳሳው፥ አሰፋውም፤ ቀጥሎም ሾጣጣ በሆነ ሌላ ብረት ላይ ጠቅልሎ እንደ ቀንድ አደረገው። ሶማያው፥ ማለት እንጨቱ፥ የሚገባው በዚያ ነው። ጦር የሚሰበረው ብዙ ጊዜ በስለቱ ሳይሆን በዚህ ስፍራ ስለሆነ ከሁሉ ይልቅ እዚያ ላይ ጊዜውን አጠፋ። ከዚያ ወዲያ ሌላውን ጫፍ እንደ ቅጠል አወጣው፤ መካከሉ ወፍራም ሆኖ ይቀራል፤ ያ ከሌለ ስለቱ ይጣመማል። በመጨረሻም አግሎ ጫፉን ብቻ ለአፍታ ውሃ አጠጣው። ሁሉንም ቢነክረው ይሰነጠቃል፤ ጨርሶ ባይነክረውም ይዶለዱማል። የቀረው ትኩሳት ወደ ጫፉ ሲመለስ የብረቱ ቀለም እንደ ገለባ እስኪሆን በዓይኑ ይጠብቃል። ጃፓኖች ይህንኑ ነገር የሚያደርጉት ጀርባውን በጭቃ ለብጠው ነው፤ ምክንያቱ ግን አንድ ነው፤ ስለቱ ይጠንክር፥ ጀርባው ይቻል። ቴርሞሜትር የለ፥ መጽሐፍ የለ! እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስለ ሙቀትና ስለ ብረት ብዙ ተምሬ ነበር፤ በዚያ ቀለም ግን ብረት መርጬ ማውጣት አልችልም።

ሶማያው ከግንድ የተሰነጠቀ ሳይሆን ቀጥ ብሎ ያደገ ለጋ ዛፍ ነበር፤ ጭረቱ ከዳር እስከ ዳር እንዳይቋረጥ ነው። በእሳት እያሞቀ አቃናው፥ ቅቤም ቀባው። በግርጌው ብረት አሰረበት፤ ያ ክብደት ጦሩን በእጅ ላይ ሚዛን ያስይዘዋል።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሰው ኦሮሞው ቱምቱ ይለዋል፤ ቱሙ መቀጥቀጥ ነውና ቃሉ በራሱ ነውር የለበትም። በአማርኛም ጠይብ የምንለው ከግዕዙ ከጠቢብ የወጣ ነው፤ ጠቢብም ማለት ብልህ፥ ዐዋቂ ማለት ነው። ክፉውን ትርጉም የጨመርንበት እኛው ነን። ማረሻውን ከእርሱ ገዝተን አረስን፤ እርሱ ግን መሬት እንዳይዝና ከእኛ እንዳይጋባ ከለከልነው። ጦሩን ይዘን ጀግና ተባልን፤ ሠሪውን ግን ቡዳ አልነው።

ይህን ያዩ ነገሥታት አልጠፉም። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ሚሲዮናውያንንና የአገር ልጆችን ሰብስበው መድፍ አስቀለጡ፤ ሰባት ሺህ ኪሎ ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ተጎትቶ ወጣ፥ እስከ ዛሬም እዚያው አለ። ዐፄ ምኒልክም በጥር 1900 ዓ.ም. ብረት ሠሪውን፥ ሸማኔውን፥ ፋቂውን በሥራው የሚሰድብ ሁሉ እንዲተው በዐዋጅ ከለከሉ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ዐዋጅ ደግሞ በእጁ ሊያርስ ለሚወድ ሁሉ ያለ ልዩነት መሬት ይሰጠው አለ። ሦስቱም ነገር ከተደረገ በኋላ ነው ያ ልጅ ከአግዳሚው የተነሣው።

ሥራው ካለቀ በኋላ ልጁን ይመልስልኝ ዘንድ አባቱን ለመንሁት። «መምህር፥ እዚህ እሳቱ አይሸሸውም» አለኝ። ልጁ አልተመለሰም።

ዛሬ ከሮቤ ወደ ጎባ በሚወስደው መንገድ ዳር ወጣቶች በኤሌክትሪክ ብረት ሲበይዱ፥ በርና መስኮት ሲሠሩ አያለሁ፤ ማንም ቱምቱ ብሎ አይሸሻቸውም፥ እንዲያውም ባለሙያ ይባላሉ። ወናፍ ይዞ ማጭድና መጥረቢያ ለሚቀጠቅጠው ግን ልጁን ለመዳር የሚያመነታ ቤተሰብ ዛሬም አውቃለሁ፤ የዚያ ቤተሰብ በር የተበየደውም በዚሁ መንገድ ዳር ነው።