የሁለት ዓመቱ የግብርና ትምህርትና ሴት ልጆቻችን

ዘንድሮ ለትምህርት ድጋፍ ኮሚቴያችን ከቀረቡት ማመልከቻዎች መካከል የግብርና ኮሌጅ የደረሳቸው ልጆች ጥያቄ ይገኝበታል። በስብሰባ ላይ ሲነበብ ሁለት ዓይነት ማጉረምረም ተሰማ። አንደኛው «ለእርሻ ደግሞ ኮሌጅ ምን ያደርጋል? አባቶቻችን ያለ ዲፕሎማ አርሰው አሳድገውናል» የሚል ነው። ሁለተኛው ከእናት አንጀት የወጣ ነው፤ «ሴት ልጅ ብቻዋን ገጠር ተመድባ እንዴት ትኖራለች?» የሚል። ውሳኔው በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ የሚሰጥ ስለሆነ፣ ይህ ትምህርት ከየት እንደመጣና ሴቶችን እንዴት ሲያስተናግድ እንደቆየ አባላትም ደጋፊዎቻችንም አስቀድመው እንዲያውቁት ይህን ጽፈናል። ሁለቱም ጥያቄዎች ካሰብነው በላይ ዕድሜ አላቸው።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የእርሻ ጉዳይ አንዱ መሥሪያ ቤት ነበር። ትምህርቱ ግን የመጣው ብዙ ቆይቶ ነው። የአምቦ የእርሻ ትምህርት ቤት በ1939 ዓ.ም. ተከፈተ፤ የጅማው ደግሞ በ1940ዎቹ አጋማሽ ተከተለ። ሁለቱም ከጊዜ በኋላ አድገው የሁለት ዓመት ዲፕሎማ የሚሰጡ ኮሌጆች ሆነዋል። ሲጀመሩ ግን በአብዛኛው ወንዶች ልጆች አዳሪ ሆነው የሚማሩባቸው ነበሩ። ለሴቶች የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት በ1924 ዓ.ም. ተከፍቶ ስለነበር «ሴት ልጅ ትማር» የሚለው ሐሳብ እንግዳ አልነበረም። ምን ትማር የሚለው ነው የተለያየው፤ ወንዱ ወደ እርሻው፣ ሴቷ ወደ ቤት አያያዙ።

ይህ ክፍፍል የእኛ ልማድ ብቻ ይመስለን ነበር። ከባሕር ማዶም ተጨምሮበታል። በአሜሪካ የኦክላሆማ የእርሻና መካኒካል ኮሌጅ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሄንሪ ቤኔት በ1942 ዓ.ም. ገደማ ኢትዮጵያን ጎበኙ። በፕሬዚዳንት ትሩማን «ፖይንት ፎር» የተባለው የእርዳታ ድርጅት ሲቋቋም የመጀመሪያው ኃላፊም እሳቸው ሆኑ። በታኅሣሥ 1944 ዓ.ም. ኢራን ውስጥ በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ፤ የጀመሩት ነገር ግን አልቆመም። ኮሌጃቸው ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተዋውሎ መምህራን ላከ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴም በ1946 ዓ.ም. አሜሪካን ሲጎበኙ ስቲልዋተር ከተማ ድረስ ሄደው ኮሌጁን አይተዋል። ትምህርቱ ጅማ ላይ ተጀምሮ በ1949 ዓ.ም. ወደ ዓለማያ ተዛወረ፤ ጥር 1950 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ መርቀው ከፈቱት። ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የምንለው ነው።

አሜሪካኖቹ ይዘውት የመጡት ሐሳብ ጥሩ ሐሳብ ነበር። አንድ የእርሻ ኮሌጅ ያስተምራል፣ ይመራመራል፣ ያገኘውንም ገበሬው ማሳ ድረስ ያደርሳል። ኤክስቴንሽን የሚባለው ሦስተኛው ሥራ ነው። ይሁንና ይህ ሥራ በአገራቸው በ1914 እ.ኤ.አ. በሕግ ሲደራጅ ሁለት ዓምድ ነበረው፤ አንደኛው እርሻ፣ ሁለተኛው ሆም ኢኮኖሚክስ። ለባልየው ስለ ማሳው የሚነግረው ባለሙያ አለ፤ ለሚስትየዋ ስለ ምግብ አሠራር፣ ስለ ስፌትና ስለ ቤት ንጽሕና የምትነግራት ባለሙያ አለች። እኛም ዘንድ የእርሻ ሠራተኛው ወደ አባወራው ሲሄድ፣ ጥቂት የሆም ኢኮኖሚክስ ሴት ባለሙያዎች ወደ እናቶች ይላኩ ነበር። ስለ ሕፃናት ምግብና ስለ ጤና ያስተማሩት የሚናቅ አይደለም፤ ከእኛ መካከል እናቷ የተጠቀመችበት አትጠፋም። ግን ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ ብድር የሚነገረው በሌላው ዓምድ በኩል ነበር።

ሒሳብ ሠራተኛ ሆኖ ታሪክ የሚያነብ ሰው ዓይኑ ቶሎ ዓምድ ላይ ያርፋል። ያልተመዘገበ ሥራ በመዝገብ ላይ ትርፍም ኪሳራም አያሳይም፤ እንዳልነበረ ይቆጠራል። በገጠር ያደግን ሁላችን ደግሞ የሥራውን ዝርዝር በቃላችን እናውቀዋለን። ጤፍ የሚያርመው ማን ነው? ወገብ ጎንብሶ የሚውለው በአብዛኛው ሴቷና ልጆቿ ናቸው። ከመኸር በኋላ ለከርሞ ዘር የሚሆነውን ለይታ፣ አበጥራ፣ ከጎታው ለብቻው የምታስቀምጠው ማን ናት? የትኛው ገብስ ነቀዝ እንደማይቀናው፣ የትኛው ባቄላ ቶሎ እንደሚበስል የምታውቀውስ? ዶሮው፣ ወተቱ፣ ቅቤው፣ የጓሮ ጎመኑ በማን እጅ ነው? በደቡብ በኩል እንሰት የሚፍቁት፣ ቆጮውን ቀብረው የሚያብላሉት፣ ቡላውን የሚያወጡት ሴቶች ናቸው፤ ከመቅበሩ እስከ መብላቱ ያለው ዕውቀት ሁሉ የእነሱ ነው። ይህ ሁሉ እርሻ ካልሆነ ምን ይባላል?

አንድ ነገር ብቻ በልማድ ለወንድ ተትቷል፤ በሬ ጠምዶ ማረስ። በብዙ አካባቢ ሴት ሞፈር አትይዝም። ባሏ የሞተባት ወይም የተፋታች እማወራ መሬት ቢኖራት እንኳ ለእኩል አራሽ ሰጥታ ከምርቱ ታካፍላለች። «አርሶ አደር» የሚለው የዛሬው ቃል ራሱ በማረስ ላይ የቆመ ነው፤ አርሶ የሚያድር ማለት ነው። አርማ፣ ኮትኩታ፣ ዘር ጠብቃ የምታድረዋ በቃሉ ውስጥ የለችም። ስለዚህ «ሴት አርሶ አደር» እያልን መቀጠል ይኖርብናል። እኛ «ገበሬ» የሚለው ቃል ይሻለን ነበር፤ ይህ ግን የግል አስተያየት ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ጾታ ሳይለይ ራሱ ለማረስ ፈቃደኛ ለሆነ ሰው ሁሉ መሬት ይሰጣል አለ፤ ለአንድ ቤተሰብ እስከ 10 ሄክታር። በወረቀት ላይ ትልቅ ነገር ነበር። የገበሬ ማኅበራቱ ሲቋቋሙ ግን በአባልነት የሚመዘገበው የቤቱ ኃላፊ ነው፤ የቤቱ ኃላፊ ደግሞ ባል ነው። ሚስት የምትመዘገበው ባል ከሌላት ብቻ ሆነ። በ1972 ዓ.ም. የተቋቋመው የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር፣ ታላላቆቻችን «አኢሴማ» እያሉ የሚያስታውሱት፣ ሴቶችን በየቀበሌው አደራጀ፤ የእርሻው ምክር ግን ዞሮ ዞሮ በገበሬ ማኅበሩ በኩል ይመጣ ነበር።

በዚሁ ዘመን የሁለት ዓመቱ ዲፕሎማ እየሰፋ ሄደ። የአዋሳ ግብርና ኮሌጅ በ1969 ዓ.ም. ገደማ ሥራ ሲጀምር ዋናው ሥልጠናው ዲፕሎማ ነበር። ሁለት ዓመት አጭር ይመስላል እንጂ ብዙ ይይዛል፤ የአፈር ጠባይ፣ የሰብል አመራረት፣ ተባይና በሽታ፣ የከብት መኖና እርባታ፣ የእርሻ መሣሪያ፣ ከገበሬ ጋር የመነጋገር ዘዴ። ግማሹ ትምህርት ክፍል ውስጥ ነው፤ ግማሹ ጭቃ ውስጥ። ለመጀመሪያው ጥያቄ ከፊል መልሱ እዚህ ላይ ነው። አባቶቻችን ያለ ዲፕሎማ አርሰዋል፤ የሚያውቁትን መሬት፣ በሚያውቁት ዘር፣ በሚያውቁት ዝናብ። ዘሩ ሲለወጥ፣ ማዳበሪያ ሲመጣ፣ መሬቱ ለልጆች ተከፋፍሎ ሲጠብ፣ ዝናቡ ወሩን ሲስት፣ የጎረቤት ዕውቀት ብቻውን አይበቃም።

በ1985 ዓ.ም. ሳሳካዋ ግሎባል 2000 የተባለው ፕሮግራም በኖርማን ቦርሎግና በፕሬዚዳንት ካርተር አስተባባሪነት ወደ አገራችን ገባ። ገበሬው ግማሽ ሄክታር ያህል መሬት መድቦ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በብድር ወስዶ ውጤቱን እንዲያይ ይደረግ ነበር። ምርቱ በብዙ ቦታ ስለጨመረ መንግሥት በ1987 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ አስፋፋው። ግን ግማሽ ሄክታር ለሙከራ የምትለቅ፣ ቅድሚያ ክፍያ የምትከፍል፣ በሬ ያላት እማወራ ስንት ነበረች?

ትልቁ ለውጥ የመጣው ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። በየቀበሌው ሦስት የልማት ሠራተኛ ይመደብ ተባለ፤ አንዱ ለሰብል፣ አንዱ ለእንስሳት፣ አንዱ ለተፈጥሮ ሀብት። ይህን ሁሉ ሰው ለማሠልጠን 25 የግብርና ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ተደራጁ። አሥረኛ ክፍል ጨርሰው መሰናዶ ያልገቡ ልጆች ሁለት ዓመት ኮሌጅ ውስጥ ተምረው፣ ከዚያ አሥር ወር ያህል ገጠር ወርደው በልምምድ ይሠለጥኑ ነበር፤ «10+3» የሚባለው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ60 ሺሕ በላይ ሰው ተመርቋል። አንዳንዶቹ ኮሌጆች የራሳቸው ረጅም ታሪክ አላቸው። አጋርፋ በደርግ ዘመን የገበሬዎች ማሠልጠኛ ነበር። አላጌ ደግሞ በአብያታና ሻላ ሐይቆች አጠገብ በጦርነት ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆች ያደጉበት የሕፃናት አምባ ነው። ያ ግቢ በኋላ የገበሬ ልጆች ዲፕሎማ የሚይዙበት ሆነ።

ለሴቶች ልጆች በር የተከፈተው በዚህ ጊዜ ነው። የመግቢያ ነጥብ ዝቅ ተደርጎላቸዋል፣ ማደሪያ ተዘጋጅቶላቸዋል፤ ያም ሆኖ ቁጥራቸው ከወንዶቹ በጣም ያነሰ ነበር። ከተመረቁም በኋላ ብዙዎቹ አልቆዩበትም። እዚህ ላይ ያቺ የእናት ጥያቄ ትመጣለች፤ ጥያቄዋም ትክክል ነው። የልማት ሠራተኛ ቤቷ ቀበሌው ውስጥ መሆን አለበት። የሚከራይ ክፍል የማይገኝበት ቀበሌ ብዙ ነው። መንደር ከመንደር በእግር ነው፤ ሁለት ሰዓት ሄዶ ሁለት ሰዓት መመለስ። አግብታ ባሏ ከተማ ቢሠራ ዝውውር መጠበቅ አለ፤ ብትወልድ ሕፃኑን ይዛ ተራራ መውጣት አለ። የማዳበሪያ ብድር እንድታስመልስም ትታዘዝ ነበር፤ ይህ በሴትም በወንድም ላይ የደረሰ ነው። እኛ በቁጠባና ብድር ቡድኖቻችን ውስጥ ከልምድ እንደምናውቀው፣ ዕዳ ሰብሳቢን ሻይ አፍልቶ ምክር የሚጠይቅ የለም።

ቢሆንም ሴቷ ባለሙያ ስትጠፋ የሚጎድለው ሌላ ሰው የማይሞላው ነው። በብዙ አካባቢ ወንድ የልማት ሠራተኛ ባል በሌለበት ቤት ገብቶ ከሚስት ጋር ቁጭ ብሎ ስለ ዘር አያወራም፤ ነውር ነው፣ ሰውም ያወራል። ስብሰባ የሚጠራውም ባልየው ነው፤ ስብሰባ ላይ የሰማውን ለሚስቱ ማድረሱና አለማድረሱ የእሱ ፈንታ ነው። ሴቷ ባለሙያ ግን ማጀት ድረስ ትገባለች። ጎታውን ታያለች፤ ነቀዙን በዓይኗ ታየዋለች። ዶሮዎቹ ለምን እንደሚያልቁ ጠይቃ ክትባት የሚሰጥበትን ቀን ትነግራለች።

ሌላም ነገር ተጨምሯል። በ1990ዎቹ በአማራ ክልልና በሌሎችም ክልሎች የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ሲሰጥ የባልና የሚስት ስም፣ ፎቶግራፋቸውም ጭምር በአንድ ደብተር ላይ እንዲሆን ተደረገ። በ1967 ዓ.ም. መዝገብ ላይ ያልነበረችው ሴት በዚህኛው ፊቷ ተለጥፏል። መሬቱ ይከራይ፣ ለእኩል ይሰጥ፣ በብድር ዘር ይወሰድበት ሲባል እሷም ትጠየቃለች ማለት ነው። ለመመለስ ደግሞ ማወቅ አለባት፤ የሚያስረዳት ሰውም ያስፈልጋታል።

ዛሬ የኮሌጆቹ ሥልጠና በደረጃ የተከፋፈለ ነው፤ ተመራቂ ሁሉ የብቃት ምዘና ፈተና ያልፋል፤ እኛ ሲ.ኦ.ሲ. የምንለውን። እንደ ቀድሞው የተመረቀ ሁሉ በቀጥታ በመንግሥት የሚመደብበት ጊዜ አልፏል። በአንጻሩ የዶሮ እርባታ፣ የወተት ላም፣ ችግኝ ጣቢያ፣ የመስኖ አትክልት፣ ንብ ማነብ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሥራ ለዚህ ሙያ ክፍት ናቸው፤ ከእኛ አባላት መካከልም ዶሮ የሚያረቡ፣ ባለሙያ አጥተው በአንድ ሳምንት በሽታ ቤቱን ባዶ ያደረገባቸው አሉ።

ለኮሚቴው የምናቀርበው የገንዘብ ሐሳብ ከዚሁ ታሪክ የተነሣ ነው። የኮሌጅ ክፍያን ብቻ የሚሸፍን ድጋፍ ልጅቷን እስከ ምረቃ ያደርሳታል፤ ሌሎቹ ያቋረጡት ግን ከምረቃ በኋላ ነው። ስለዚህ ድጋፉ ሦስት ነገር እንዲጨምር እንጠይቃለን። አንደኛ ለልምምድ ወቅት ቦት ጫማ፣ ፍራሽና የትራንስፖርት ገንዘብ፤ ሁለተኛ የምዘና ፈተናው ክፍያ፣ ብትወድቅ ደግማ የምትፈተንበትም ጭምር፤ ሦስተኛ ሥራ ስትጀምር የመጀመሪያው ደመወዝ እስኪደርስ የሁለት ወር የቤት ኪራይ፣ ያውም በር የሚቆለፍበት ክፍል። የመጨረሻው በብድር መልክ ሆኖ በዓመት ውስጥ ለማኅበሩ የሚመለስ ይሁን። ደጋፊዎቻችን አንዳንድ ጊዜ «ለምን ፍራሽ?» ይሉናል። ያለ ፍራሽ ገጠር የወረደች ልጅ ስንት ወር እንደምትቆይ ከላይ ያለው ታሪክ ይነግራል። ዝርዝር ስሌቱ ጉባኤው ከመጀመሩ በፊት ለእያንዳንዱ ቡድን ሰብሳቢ ይደርሳል።