ሃርሞኒካ በስልክ፤ አንቺ ሆዬ የት ገባች?

ለላይና ታች ጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ሰው በትንፋሽ የሚጫወቱት መሣሪያ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለው ዋሽንት ነው፡፡ ሃርሞኒካ (አርሞኒካ የሚሉትም አሉ) ከውጭ የመጣ እንግዳ ነው፡፡ ዛሬ ግን ስማርት ስልክ የያዘ ወጣት አንድ መተግበሪያ አውርዶ ሃርሞኒካ ልጫወት ማለት ይችላል፡፡ ጥያቄው በዚያ የስልክ ሃርሞኒካ አራቱን ቅኝቶች መጫወት ይቻላል ወይ የሚለው ነው፡፡

መጀመሪያ ስለ ዋናው መሣሪያ፡፡ የተለመደው ሃርሞኒካ 10 ቀዳዳዎችና 20 ቀጫጭን የብረት ምላሶች አሉት፡፡ አንዱ ቀዳዳ ሲነፋ አንድ ድምፅ፣ አየር ሲሳብበት ሌላ ድምፅ ያወጣል፡፡ በዓለም ላይ በስፋት ካሰራጩት ቀዳሚው እ.ኤ.አ. በ1857 በጀርመን ትሮሲንገን የተቋቋመው ሆነር ነው፡፡ አኮርዲዮንም የዚሁ ቤተሰብ ነው፡፡

አሁን በዶ የተቃኘ ሃርሞኒካ እንያዝ፡፡ ከ4ኛው እስከ 7ኛው ቀዳዳ ከዶ እስከ ዶ ያሉት ድምፆች በሙሉ ይገኛሉ፡፡ ትዝታ ሜጀር (ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ) ያለ ችግር ይወጣል፡- 4ን መንፋት፣ 4ን መሳብ፣ 5ን መንፋት፣ 6ን መንፋት፣ 6ን መሳብ፡፡ ባቲ ሜጀርም (ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ) እዚያው ይገኛል፡፡ አምባሰል ከሚ ከተነሣ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ ነውና እሱም አያስቸግርም፡፡

ችግሩ አንቺ ሆዬ ላይ ነው፡፡ ከ3ኛው ቀዳዳ ሲ ተነሥተን ዶ፣ ሚ፣ ፋ ካልን በኋላ የሚያስፈልገን ላ ሳይሆን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለው ላ ፍላት ነው፤ ይህ ድምፅ ደግሞ ከቀዳዳዎቹ በአንዱም ላይ የለም፡፡ ተጫዋቹ 6ኛውን ቀዳዳ እየሳበ የአፉንና የምላሱን ቅርጽ ለውጦ ላን ወደ ታች ማጠፍ ይኖርበታል፡፡ የብሉዝ ተጫዋቾች ‹‹ቤንዲንግ›› የሚሉት ይህንኑ ነው፡፡ መሲንቆ ተጫዋች ጣቱን በጭራው ላይ ጥቂት ሸርተት አድርጎ የሚያገኘውን፣ የሃርሞኒካ ተጫዋች ብዙ ተለማምዶ ነው የሚያገኘው፡፡ (መሲንቆው በፒያኖ ልክ አለመታሰሩ ሌላ ጉዳይ ነው፡፡)

ኤሌክትሮኒክ ሃርሞኒካ የሚርገበገብ ምላስ የለውም፡፡ በፈንታው የትንፋሹን ግፊት የሚለካ ሴንሰር አለው፤ ይህም ወደ ዲጂታል ትእዛዝ ተለውጦ ድምፁን ሲንተሳይዘር ወይም ኮምፒውተር ያወጣዋል፡፡ በ1980ዎቹ የወጣው ሚሊየናይዘር 2000 ከቀደምቶቹ አንዱ ነው፡፡ በቅርብ ዓመታት የመጣው የስዊድኑ ሌክሆልም ዲኤም48 ደግሞ 12 ቀዳዳዎች ሲኖሩት የትኛው ቀዳዳ የትኛውን ድምፅ እንደሚሰጥ ባለቤቱ ራሱ ሊያስተካክለው ይችላል፡፡ እዚህ ላይ ላ ፍላት የራሱን ቀዳዳ አገኘ ማለት ነው፡፡ ዋጋው ግን ከተራው ሃርሞኒካ ጋር ፈጽሞ የሚወዳደር አይደለም፡፡

በእኛ በኩል ለዚህ ቅርብ የሆነው ሥራ የዋሊያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 በአሜሪካ ያወጣው ካሴት ነው፡፡ ኃይሉ አኮርዲዮኑን ከሙግ ሲንተሳይዘር፣ ከኤሌክትሪክ ፒያኖና ከድራም ማሽን ጋር አጣምሮ ተጫውቷል፡፡ ሥራው በ2013 እንደገና ታትሞ በዓለም ዙሪያ አዲስ አድማጭ አግኝቷል፡፡ እዚያ ላይ ግን የአኮርዲዮኑ ምላስ የእውነት ነበር፤ ኤሌክትሮኒክሱ አጃቢ ነው፡፡

ወደ ስልኩ ስንመጣ፣ መንገዱን ካሳዩት አንዱ እ.ኤ.አ. በ2008 ስሚዩል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለአይፎን ያወጣው ‹‹ኦካሪና›› ነው፡፡ ተጫዋቹ ማይክሮፎኑ ላይ እየነፋ በመስታወቱ ላይ የተሳሉ አራት ቀዳዳዎችን በጣቱ ይከድናል፤ አራት ቀዳዳ ያለውን ዋሽንት ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይሆንበትም፡፡ ሃርሞኒካ ግን በዚህ መንገድ አይሄድም፡፡ ማይክሮፎኑ የነፋሱን ድምፅ ይሰማል እንጂ ትንፋሹ ይውጣ ይግባ በቀላሉ አይለይም፡፡ ስለዚህ የስልክ ሃርሞኒካዎች በአብዛኛው ትንፋሹን ትተው ጣትን ይጠቀማሉ፤ ጣት ደግሞ ላን አያጥፍም፡፡

አንቺ ሆዬን በስልክ መሞከር የሚሻ አንባቢ ባለ 10 ቀዳዳውን ትቶ ‹‹ክሮማቲክ›› የሚባለውን ዓይነት ቢመርጥ ይሻለዋል፡፡ በእሱ ላይ ድምፁን በግማሽ ከፍ የሚያደርግ ቁልፍ ስላለ ሶልን እየነፉ ቁልፉን መጫን ላ ፍላትን ይሰጣል፡፡ የብሉቱዝ ማዳመጫ ድምፁን ስለሚያዘገይ ባለ ሽቦው ይመረጣል፡፡