ከውጫሌ ውል እስከ ምኒልክ ብር

የውጫሌ ውል ሲነሣ ሁሉም ሰው የሚያስታውሰው አንቀጽ 17ን ነው። ጠቡም ጦርነቱም ከዚያ መጣ፤ ዓድዋም ከዚያ ተወለደ። የቆየ ሳንቲም ለሚያሰባስብ ሰው ግን ውሉ ሌላም ታሪክ አለው፤ ኢትዮጵያ ብሯን በማን ቤት ታስቀርጽ የሚለው ክርክር።

ከደሴ ተነሥቶ በሐይቅ በኩል ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው ውጫሌን ያገኛል። እዚሁ አምባሰል ውስጥ፣ ይስማ ንጉሥ በተባለው ቦታ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክና የጣሊያኑ መልእክተኛ ኮንት አንቶኔሊ ውሉን ተፈራረሙ። አምስት ወር ቆይቶ ደጃዝማች መኰንን ኔፕልስ ላይ ተጨማሪ ውል ፈረሙ። በዚህ ውል ኢትዮጵያ 4 ሚሊዮን ሊሬ እንድትበደር ተፈቀደ። ንጉሠ ነገሥቱም ለአገራቸው ገንዘብ ማስቀረጽ እንደሚችሉ ተጻፈ፤ የሚቀረጸው ግን በጣሊያን ንጉሥ ቤት ነው።

ጣሊያን ለኤርትራ በንጉሥ ኡምቤርቶ መልክ ትልቅ የብር ገንዘብ አስቀርጻ ገበያውን ልትይዝ ሞከረች። ገበያተኛው አልተቀበላትም። ምኒልክ በበኩላቸው በየካቲት 1885 ዓ.ም. ሁለት ነገር አደረጉ፤ የራሳቸውን ብር የሚያቋቁም አዋጅ አወጡ፤ በዚያው ወር የውጫሌን ውል መሰረዛቸውን ለአውሮፓ መንግሥታት አሳወቁ። ብሩም የተቀረጸው ሮም ሳይሆን ፓሪስ ነው። ሁለቱን ውሳኔዎች ለየብቻ ማየት ያስቸግራል።

ከፓሪስ የመጣው ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል። በአንድ ፊቱ ዘውድ የደፉት ምኒልክ፣ በሌላው ዘውድ ጭኖ ሰንደቅ ያነገበ አንበሳ አለ። ዓመተ ምሕረቱ በግእዝ ቁጥር ተጽፏል፤ የመጀመሪያው 1887 ነው። አላድ፣ ሩብ፣ ግርሽና የመሳሰሉት ዝርዝሮችም አብረውት ወጡ።

ያም ሆኖ ሕዝቡ ማርትሬዛ የሚባለውን የቆየ ጠገራ ብር ቶሎ አልተወም። ኦስትሪያዊቷ እቴጌ ማሪያ ትሬዛ በ1780 እ.ኤ.አ. ሞተች፤ ጠገራው ብር ግን ያችኑ ዓመት እንደያዘ በቪየና፣ በኋላም በሮም፣ በለንደንና በቦምቤይ ሲቀረጽ ኖረ። ነጋዴው የሚያምነው በዓይኑ ነበር፤ በእመቤቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን ጌጥ ዕንቁዎች ይቆጥራል፣ ከደበዘዙ አልቀበልም ይላል። ከገበያ የተረፈው በአንጥረኛ እሳት ቀልጦ መስቀል፣ አልቦና ድሪ ሆነ፤ ወይም ቀለበት ተበጅቶለት በሴቶች አንገት ላይ ተንጠለጠለ።

በይፋ መታሰቢያ ተብለው የተቀረጹት ሳንቲሞች የመጡት ዘግይተው ነው። በ1958 ዓ.ም. ለአፄ ኃይለ ሥላሴ የወርቅ ሳንቲሞች ተቀረጹ። በ1964 ዓ.ም. ከቴዎድሮስ ጀምሮ የነገሥታቱን መልክ የያዙ የብር ሳንቲሞች ተከተሉ። በደርግ ዘመንም በ1970 ዓ.ም. የዱር እንስሳትን ለመጠበቅ በወጡት ዓለም አቀፍ ተከታታይ ሳንቲሞች ውስጥ ዋሊያ 600 ብር በሚባል የወርቅ ሳንቲም ላይ ታየች። በ1972 ደግሞ የዓለም የሕፃናት ዓመት ታሰበ። እነዚህ ለሰብሳቢ የተዘጋጁ ስለሆኑ ገበያ ውስጥ አልዞሩም፤ ብዙዎቹም ያሉት በውጭ አገር ሰብሳቢዎች እጅ ነው።

ታዲያ ያተርፋሉ ወይ? የአሮጌ ሳንቲም ዋጋ በሦስት ነገር ይቆማል፤ በማዕድኑ፣ በብርቅነቱ፣ በአያያዙ። ማርትሬዛ ብዙ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሚያወጣው በውስጡ ያለውን 23 ግራም ተኩል የሚጠጋ ንጹሕ ብር ነው። የምኒልክ ብር ግን ቁጥሩ ያነሰ በመሆኑ ጥርት ያለው ከማዕድኑ በላይ ይፈለጋል። መታሰቢያ ሳንቲም ሲሸጥ ከወርቁና ከብሩ ዋጋ በላይ ስለሚጠየቅበት፣ ነገ መልሼ እሸጣለሁ ብሎ የገዛ ሰው ሊከስር ይችላል። ገዢው ጥቂት ነው፤ ቶሎ ገንዘብ የሚያስፈልገው ሰው በዚህ ባይገባ ይሻለዋል።

ገበያው ፎርጂድም አያጣም። የሚጠራጠር ሰው በወርቅ ሚዛን ይመዝን፤ ማግኔት ያስጠጋ፤ ፊደሎቹ የቀለጡ መስለው እንደሆነ አስተውሎ ይይ። ከሁሉ በላይ ሳንቲሙን በአመድ ወይም በሎሚ አይፈትግ፤ የጠቆረው ብር በዕድሜው የሚከበር ሲሆን የተፈተገው ዋጋው ይወድቃል። ቅርስ የሆነ ሳንቲም ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም በቅርስ አዋጁ፣ በቁጥር 209/1992፣ ክልክል ነው።

ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የአባ ኢየሱስ ሞአን ወንጌል ከ700 ዓመት በላይ ጠብቆ ለዛሬ አድርሷል። በአምባሰልና በሐይቅ በየሙዳዩ ያለውም ጠገራና የምኒልክ ብር ጥቂት ጥንቃቄ ይበቃዋል። ስለዚህ የአያታችሁ ብር እጃችሁ ከገባ፣ ወደ አንጥረኛ ከመውሰዳችሁ በፊት መዝኑት፣ ዓመቱን አንብቡ፣ ከማን እንደመጣ ጽፋችሁ አብራችሁ አስቀምጡ። ብሩ አንዴ ከቀለጠ በኋላ የሚቀረው የግራሙ ዋጋ ብቻ ነው።