ፎንታን

ፎንታን አንድ ብቁ የታችኛ የልብ ክፍል ብቻ ይዘው ለሚወለዱ ሕፃናት የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ነው። ስሙ የፈረንሳዊው ሐኪም የፍራንሲስ ፎንታን ነው፤ የመጀመሪያውን የሠራው በ1968 እ.ኤ.አ. በቦርዶ ከተማ ነበር።

በጤናማ ልብ የቀኙ ታችኛ ክፍል ደምን ወደ ሳንባ፣ የግራው ወደ መላ ሰውነት ይገፋል። አንደኛው ሳያድግ ሲቀር ሌላው የሁለቱንም ሥራ ይሸከማል፤ ኦክስጅን ያለውና የሌለው ደም ስለሚቀላቀልም የሕፃኑ ከንፈርና ጥፍር ወደ ሰማያዊ ያደላል። ፎንታን የጎደለውን ክፍል አይተካም። ያለውን ለሰውነት ብቻ ይተውና ተመላሹን ደም ያለ ገፊ፣ በደም መልሶች ግፊት ብቻ፣ በቀጥታ ወደ ሳንባ ይመራዋል። የሐሳቡ ድፍረት እዚህ ላይ ነው።

ሥራው በደረጃ ይከናወናል። ያላደገው የግራው ክፍል ከሆነ፣ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የኖርዉድ ቀዶ ሕክምና ይቀድማል። ከ4 እስከ 6 ወር ገደማ በግሌን ቀዶ ሕክምና የጭንቅላትና የእጆች ደም ወደ ሳንባ ይዞራል። የታችኛው አካል ደም የሚከተለው፣ ማለትም ፎንታን ራሱ የሚደረገው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ዓመት ዕድሜ ነው።

ዛሬ ፎንታን ከተደረገላቸው ልጆች አብዛኞቹ ለአዋቂነት ይደርሳሉ፤ ይህ ታላቅ ድል ነው። ዋጋው ግን በደም መልሶች ውስጥ ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ ከፍተኛ ግፊት ነው። ጉበት ጠባሳ ይይዛል፣ የልብ ምት ይዛባል፣ በአንዳንዶች ፕሮቲን በአንጀት ይባክናል። ሐኪሙ ፎንታን ራሱ ከባልደረቦቹ ጋር በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ እንከን የለሽ የተባለው ቀዶ ሕክምና እንኳ ከዓመታት በኋላ እንደሚዳከም በግልጽ አሳይቷል። ስለዚህ ክትትሉ አይቋረጥም፤ አንዳንዶችም የልብ ንቅለ ተከላ ያስፈልጋቸዋል።