ሩጫና ጾም፦ ከአፐር አርሊንግተን የተጻፈ

ከኮሎምበስ ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ፣ ከኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጎን፣ አፐር አርሊንግተን የምትባል ራሷን የቻለች ትንሽ ከተማ አለች። ለልጆቻችን ትምህርት ስንል በዳርቻዋ አነስተኛ አፓርታማ ተከራይተን ከገባን ዓመታት አልፈዋል። ለረጅም ጊዜ ግን ከተማዪቱን የማውቃት በታክሲዬ መስተዋት ብቻ ነበር። ሌሊቱን ስሠራ አድሬ ጎሕ ሲቀድ ስመለስ፣ በጎዳናው ጠርዝ ላብ አጥምቋቸው የሚሮጡ ሰዎችን አያለሁ። የሚያሳድዳቸው ሳይኖር መሮጣቸው እየገረመኝ በልቤ እስቅ ነበር።

ሳቁ የቆመው አንድ ሐኪም የደም ምርመራ ውጤቴን አንብቦ የስኳር በሽታ ደጃፌ ላይ መቆሙን በነገረኝ ዕለት ነው። አመጋገቤንና ሥራዬን ከጠየቀኝ በኋላ የተወለድሁበትን አገር ጠየቀኝ። ኢትዮጵያ ስለው ፊቱ በራ። «እንግዲያውስ እርስዎ መሮጥ ያውቁበታል» አለኝ። አፍሬ ዝም አልሁ። ከተማሪነት ዘመኔ ወዲህ አንዲት ኪሎ ሜትር እንኳ ሮጬ አላውቅም ነበርና። ይህ ጽሑፍ በዚያች ዕለት ልሰጠው ያልቻልሁት መልስ ነው። (የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የሐኪሙ አባባል የእርሱ ብቻ አይደለም፤ የእኛም ነው። አገራችንን በረኃብ ብቻ ለሚያውቃት ባዕድ የአበበ ቢቂላን፣ የማሞ ወልዴን፣ የምሩጽ ይፍጠርን፣ የደራርቱ ቱሉንና የኃይሌ ገብረ ሥላሴን ስም እየጠራን አንገታችንን ቀና አድርገናል። ኩራቱ ተገቢ ነው። ዳሩ ግን ሩጫን ከደም ጋር የሚወረስ ርስት አድርገን ስለቆጠርነው፣ እነርሱ ስለ እኛ ሮጠዋል ብለን እኛ ተቀምጠን ቀረን።

የአበበ ታሪክ ራሱ ይህን አስተሳሰብ ይቃወማል። በ1932 ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቀው በጃቶ የተወለደው አበበ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። አንዳንድ ፈረንጆች እንደተረኩት ከተራራ ወርዶ ድንገት የሮጠ ሰው አልነበረም። ከ1946 ጀምሮ በኢትዮጵያ የኖረው ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ርቀቱን እየለካ፣ ሰዓቱን እየመዘገበ በብርቱ ዲሲፕሊን አሠልጥኖታል። ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ምሽት በሮም ጎዳናዎች በባዶ እግሩ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ፈጸመ። ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ተለይቶ የወጣው የሙሶሊኒ መንግሥት በ1937 ከአክሱም ነቅሎ በወሰደው ሐውልት አካባቢ ነበር። ሐውልቱ ወደ አገሩ እስኪመለስ 2005 መድረስ ነበረበት፤ በስፍራው ዳግመኛ የቆመው በ2008 ነው። ስለዚያ ምሽት ስናወራ ሐውልቱን እናስታውሳለን እንጂ ከምሽቱ በፊት የነበሩትን ብዙ የልምምድ ማለዳዎች አናስታውስም።

የሯጮቻችን አካል ከአገሪቱ ታሪክም አላመለጠም። በ1968 በሜክሲኮ ወርቅ፣ በ1972 በሙኒክ አርባ ዓመት በሆነው ዕድሜ ነሐስ ያገኘው ማሞ ወልዴ፣ ዘጠኝ ዓመት ያህል በእስር ቆይቶ በ2002 ተፈታ፤ ወራት ሳይቆጠሩም በዚያው ዓመት ዐረፈ። በ1980 በሞስኮ ሁለት ወርቅ ያጠለቀው ምሩጽ ይፍጠር በ2016 ያረፈው እንደ እኛው በስደት፣ በካናዳ ቶሮንቶ ነው። ከአበበ በፊት ስሙ የታወቀው ዋሚ ቢራቱ ደግሞ የኦሎምፒክ ሜዳልያ አላገኘም፤ ነገር ግን ዕድሜው ከዘጠና ካለፈ በኋላም በ2001 በተጀመረው በታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ላይ በሕዝቡ መካከል ታይቷል። ለእኔ ቢጤው ሰው ከአበበ ይልቅ ዋሚ ይቀርበዋል።

አባቴ ሲሮጥ አይቼው አላውቅም። በአገራችን ትልቅ ሰው አይሮጥም፤ ከሮጠም ጎረቤት «ምን ደረሰ?» ብሎ ይወጣል። ግን ሲሄድ እንጂ ተቀምጦ ሲውልም አላየሁትም። ወደ ገበያ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ለቅሶ፣ ወደ ፍርድ ቤት በእግሩ ነበር የሚጓዘው። እናቴም ውኃ ቀድታ፣ እህል ፈጭታ፣ እንጨት ተሸክማ ኖረች። ይህን ሁሉ ስፖርት ብሎ የጠራው አልነበረም፤ አብዛኛው ድካምም በፈቃድ የተያዘ ሳይሆን በችግር የተጫነ ነበር። ስለዚህ የድሮውን ኑሮ ላወድሰው አልወድም። የምለው ይህን ነው፦ ከወላጆቻችን የወረስነው ሩጫን ሳይሆን እርምጃን ነበር፤ እርሱንም አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ጥለነው ገባን።

በ1953 ጄረሚ ሞሪስና ባልደረቦቹ በለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ሠራተኞች ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳትመው ነበር። ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ከሚነዱት ሾፌሮች ይልቅ፣ ደረጃውን እየወጡና እየወረዱ ትኬት የሚቆርጡት ሠራተኞች በልብ በሽታ የሚጠቁት በጣም ባነሰ መጠን ሆኖ ተገኘ። ሁለቱም የሚሠሩት በአንድ አውቶቡስ ውስጥ ነበር። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ሾፌሩ እኔ መሆኔን ዐወቅሁ። በእድራችን አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ ስናዋጣ፣ ከሟቾቹ መካከል ስድሳ ዓመት ያልሞላቸው ምን ያህል እንደነበሩ በጣቴ ቆጠርሁ፤ ጣቴም አልበቃኝ። ታክሲ የነዱ፣ መኪና ማቆሚያ የጠበቁ፣ ሁለት ሥራ ይዘው እንቅልፍ ያጡ ሰዎች ነበሩ። ስደት በጥይት ብቻ አይገድልም፤ በወንበርም ይገድላል።

አሜሪካኖቹም ቢሆኑ ሩጫን ከጥንት ይዘውት አልኖሩም። ተራ ሰው ለጤናው ሲሮጥ ማየት እዚህም እንግዳ ነገር ነበር። የኦሪገኑ አሠልጣኝ ቢል ባወርማን በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወደ ኒውዚላንድ ሄዶ፣ በአርተር ሊዲያርድ አነሣሽነት ሽማግሌዎች ሳይቀሩ በቀስታ ሲሮጡ አየና ልማዱን ይዞ ተመለሰ። በ1968 የአየር ኃይል ሐኪም የነበረው ኬኔት ኩፐር «ኤሮቢክስ» የተባለውን መጽሐፉን አወጣ። በ1977 ጂም ፊክስ ስለ ሩጫ የጻፈው መጽሐፍ አገሩን አዳረሰ። ፊክስ ራሱ ግን በ1984 በ52 ዓመቱ ሲሮጥ በልብ በሽታ ሞተ። ሩጫን የሚጠሉ ሰዎች ይህን እንደ ማስረጃ ይጠቅሱታል። አባቱም በ43 ዓመቱ በልብ በሽታ የሞተ መሆኑን ግን አይጨምሩም። ትምህርቱ ሩጫ ይገድላል ሳይሆን፣ ከመሮጥ በፊት ሐኪም ዘንድ ሂዱ የሚል ነው።

እኔን ከወንበሬ ያስነሣኝ በ2002 የታተመ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ነው። ለስኳር በሽታ የቀረቡ 3,234 ሰዎች ተካፍለውበታል። ከክብደታቸው 7 ከመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የተመከሩትና የታገዙት ሰዎች፣ ፕላሴቦ (አስመሳይ ክኒን) ከተሰጣቸው ጋር ሲነጻጸሩ በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው በ58 ከመቶ ቀነሰ። ሜትፎርሚን የተባለው መድኃኒት የቀነሰው በ31 ከመቶ ነበር። 150 ደቂቃ ማለት በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት ነው። እኔ በአውሮፕላን ማረፊያው የታክሲ ሰልፍ ላይ በአንድ ሌሊት ከዚያ የበለጠ እጠብቃለሁ።

ምግባችንም ታሪክ አለው። በአገር ቤት ሥጋ የበዓል ነበር። የኦርቶዶክስ ምእመን በዓመት 180 ያህል ቀን ይጾማል፤ ለካህናትና ለመነኮሳት ቁጥሩ እስከ 250 ይደርሳል። ሙስሊሙም ረመዳኑን ይጾማል። ፍስክና ጾም እየተፈራረቁ፣ አንዱ ሌላውን እየዳኘ ዘመናት አለፉ። በስደት ግን ፍስኩን ይዘን ጾሙን ጣልን። ፋሲካ ዕለት ዕለት ሆነ፤ ጥብሱ፣ ክትፎው፣ ለስላሳ መጠጡ የሥራ ቀን ምግብ ሆነ። ጾሙን የሚጠብቀውም ቢሆን በዘይት በራሰ ሽሮ ሁለት ሦስት እንጀራ እያነሣ፣ ጾምን ከሥጋ መራቅ ብቻ አድርጎታል።

እንጀራውም የአገር ቤቱ አይደለም። በዚህ የምንገዛው ብዙ ጊዜ ከስንዴ ወይም ከገብስ ዱቄት ጋር የተቀላቀለ ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2006 የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይወጣ ሲከለክል ብዙዎቻችን ተጨነቅን። ሆኖም በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ የሠራው ዌይን ካርልሰን ከ1980ዎቹ ጀምሮ በአይዳሆ ጤፍ ሲያስዘራ ቆይቶ ነበር። «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» የሚለው ተረት ተገለበጠና፣ የባዕድ አገር ጤፍ ለአገር ሰው ደረሰ። ጤፍ ብረትና ካልሲየም፣ ከነገለባው ስለሚፈጭም አሠር ያለው እህል ነው። መድኃኒት ግን አይደለም፤ ከልክ በላይ ከበሉት እርሱም በደም ውስጥ ስኳር ይሆናል። ስለዚህ በቤታችን የለወጥነው እህሉን ብቻ ሳይሆን መጠኑን ነው። ከትሪው ግማሹ ጎመንና ሰላጣ፣ ሩቡ ምስር ወይም ሽንብራ፣ እንጀራው አንድ ብቻ ሆነ። በታክሲው ውስጥ ዶናት የነበረበትን ስፍራ ቆሎ ያዘው። ባለቤቴ መጀመሪያ «የሕመምተኛ ወጥ አልሠራም» ብላ ነበር። በኋላ ግን ሽንኩርቱን በዝግታ እያቁላላች ዘይቱን በግማሽ ቀንሳ ለሦስት ሳምንት አበላችኝ፤ እስክትነግረኝ ድረስ አላወቅሁም።

ሩጫውን የጀመርሁት በኖርዛም ፓርክ አጠገብ ነው። ከአንድ ዛፍ እስከ ሁለተኛው እሮጣለሁ፣ ከሁለተኛው እስከ ሦስተኛው እራመዳለሁ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ በዘጠነኛው ወር አምስት ኪሎ ሜትር ሳላቋርጥ መሮጥ ቻልሁ። መንገዴም እየረዘመ ሲሄድ የምሮጥበትን ምድር ታሪክ መመርመር ጀመርሁ።

ኮሎምበስ የጄሲ ኦወንስ ከተማ ናት። የኦሃዮ ስቴት ተማሪ ሳለ፣ ሜይ 25 ቀን 1935 በአን አርበር በ45 ደቂቃ ያህል ጊዜ ውስጥ ሦስት የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሮ አራተኛውን አስተካከለ። ያን ጊዜ ሙሶሊኒ ጦሩን ወደ ኤርትራ ያጓጉዝ ነበር። ኦወንስ በኦገስት 1936 በሂትለር ፊት በርሊን ላይ አራት ወርቅ ሲያገኝ፣ አዲስ አበባ በጠላት እጅ ከወደቀች ሦስት ወር ሆኗት ነበር። ይህ ሁሉ ክብር ግን በዩኒቨርሲቲው ማደሪያ አልጋ አላስገኘለትም፤ ጥቁር በመሆኑ ከግቢው ውጭ ይኖር ነበር። አሠልጣኙ ላሪ ስናይደር በ1960 የአሜሪካ የአትሌቲክስ ቡድን ዋና አሠልጣኝ ሆኖ ሮም ወረደ። የኦወንስን እግር ያቀና የኮሎምበስ ሰው አበበ በሮጠባት ከተማ ነበር ማለት ነው።

አፐር አርሊንግተን በ1913 በወንድማማቾቹ በኪንግና በቤን ቶምሰን ስትመሠረት፣ በቤት ሽያጭ ውሎች ላይ ጥቁር ሰው ባለቤት እንዳይሆን የሚከለክል አንቀጽ ይጻፍ ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1948 እንዲህ ያሉ ውሎችን ፍርድ ቤቶች እንዳያስፈጽሙ ወሰነ፤ አድልዎው በሕግ የተከለከለው በ1968 ነው። ሆኖም ከቶምሰኖቹ በፊት በዚህ ምድር ባለ ርስት የነበረ ጥቁር ሰው አለ። ፕሌዘንት ሊችፎርድ በቨርጂኒያ በባርነት ተወልዶ፣ ነጻነቱን በገንዘቡ ገዝቶ፣ በ1830ዎቹ ወደዚህ መጣ። በአንጥረኝነት ሠርቶ ከ200 ኤከር የሚበልጥ መሬት ያዘ፤ በ1879 ዐረፈ። የቤተሰቡ መካነ መቃብር የነበረበት ስፍራ ላይ በ1955 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሲሠራ መቃብሮቹ ተቆፍረው ተነሡ፣ ስፍራውም የመኪና ማቆሚያ ሆነ። በ2017 ታሪኩን የሚናገር መጽሐፍ ከወጣ ወዲህ ነገሩ በሰፊው ታወቀ። በ2021 የተከፈተው አዲሱ ሕንጻ ከመሠራቱ በፊት በተደረገው ቁፋሮም የሰው አጽም ተገኘ።

ልጆቼ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ይህ ነው። በማለዳ በሪጅቪው መንገድ በዚያ ሳልፍ ፍጥነቴን ቀንሼ እራመዳለሁ። አንጥረኛው ሊችፎርድ ስለ ልብ በሽታ ያነበበው የለም፤ ነገር ግን የራሱ ያልነበረውን አካሉን መጀመሪያ ገዝቶ የራሱ አደረገው። በፌብሩዋሪ 2020 በጆርጂያ አህሞድ አርበሪ የተባለ ጥቁር ወጣት ሲሮጥ አሳድደው ከገደሉት በኋላ ባለቤቴ በጨለማ እንዳልወጣ ለመነችኝ። ሩጫውን አልተውሁም፤ ሰዓቱን ወደ ብርሃን አዛወርሁት፣ ደማቅ ሰደርያም ገዛሁ። በታክሲው መስተዋት በሳቅሁባቸው ሰዎች ፋንታ «የሚያሳድደው ማነው?» ተብሎ የሚታየው አሁን እኔ ነኝ።

ክብደቴ በ11 ኪሎ ቀንሷል። ስኳሩ ከደጃፌ ራቅ ብሎ ቆሟል፤ ሄደ ግን አልልም። ለእድራችን አንድ ሐሳብ አቅርቤ ተቀባይነት አግኝቷል፦ ወርኃዊው ስብሰባ ካለቀ በኋላ ቁጭ ብለን ከመብላት በፊት አንድ ሰዓት አብረን እንራመዳለን። መጀመሪያ አራት ሆነን ወጣን፤ አሁን ሴቶቹ በልጠውን ወደ ሃያ ተጠግተናል። ለመቃብር ማዋጣት ከቻልን፣ ለእርምጃ አንድ ሰዓት ማዋጣት አያቅተንም።

ሐኪሙ ያን ጥያቄ ደግሞ ቢያነሣው መልሴ ተዘጋጅቷል። መሮጥ ከአገሬ ይዤው የመጣሁት ነገር አይደለም። እዚህ፣ በአምሳ ዓመቴ፣ ከዛፍ እስከ ዛፍ የተማርሁት ነው።